የእናቷ እግር

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ቤት ጠባቂ» እያለ ይቀልድባታል፤ ከደጃፏ አትርቅማ። ጨርቅና ክር የሚገዛላት ባሏ ነው፤ ደንበኞቿም ቤቷ ድረስ መጥተው ይለካሉ። አማቷ «እንዲህ ያለች ጭምት ከየት ይገኛል?» እያለች ትኮራባታለች። ጭምት አይደለችም፤ ፈሪ ናት። የምትፈራውም የገዛ እግሯን ነው።

አያቷ ልጅ ጥላ ጠፍታለች። እናቷም አንድ ቀን ክር ልግዛ ብላ እንደወጣች ቀረች። ያሳደገቻት አክስቷ፣ እሷ ባለቀሰች ቁጥር «እናትሽ አይፈረድባትም፤ ዘር ከልጓም ይስባል» ትላት ነበር። እንዲህ ያለ ማባበያ ከዱላ አይሻልም። ልጅቷ ግን አጥብቃ ያዘችው፤ እናቴ ደሟ ጎትቷት እንጂ ጠልታኝ አይደለም ብላ ተጽናንታ አደገች። ራሷ ሴት ልጅ ስትወልድ ነው ጉዱ የመጣው። ደም ከሆነማ የሷም ተራ አይቀርም። ልጇ እሷ የተጣለችበት ዕድሜ ላይ ከደረሰች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የልጇ አስተማሪ ደወለች። «አይዞሽ፣ አትደንግጪ። ወድቃ ግንባሯ ትንሽ ተፈንክቷል፤ መጥተሽ ውሰጃት።»

ባሏ ስልክ አያነሳም። መለኪያ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። በሩን ቆልፋ ወደ ትምህርት ቤቱ ተጣደፈች።

ልጇን ይዛ ስትመለስ በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ማለፍ ነበረባት። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ» እያለ ይጣራል። ቆመች። የፈራችው ደረሰ፤ መሄድ አማራት። የደንበኛው ጭቅጭቅ፣ የስፌት መኪናው፣ ያ የቤቷ ግድግዳ፣ ይቺው ልጅ ሳትቀር፣ ሁሉም ወደኋላ ሲቀር ታያት። ደስ አላት። ደስታው ነው ይበልጥ ያስፈራት።

«እናት፣ ትሄጃለሽ?» አላት ረዳቱ።

«አልሄድም» አለች።

ረዳቱ ሌላ ሰው አሳፈረ። እሷም ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች፤ በቃ፣ ይኸው ነበር። የጎተታትም የያዛትም የለም።

«እማ፣ እጄን አጠበቅሽው» አለች ልጇ።

ትንሽ እንደሄዱ ነገሩ ገባት። እሷ መመለስ ከቻለች፣ እናቷም ትችል ነበር። አማራጭ እያላት ነው የሄደችው። መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ልጇ በትንሽ እጇ ጉንጯን ጠረገችላት። «አታልቅሺ እማ፤ ግንባሬ እኮ አሁን አያመኝም።»