ሁለተኛዋ ካርድ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሜሮን የመጻሕፍቴን አቧራ ስታራግፍ ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ውስጥ አንዲት ጠንካራ ወረቀት ወደቀች። ቢጫ ሆናለች። መላ አካሏ በትንንሽ ቀዳዳ ተበሳስቷል፤ ጥጓ ላይ በእርሳስ «፪» ተብሎ ተጽፎባታል። ሜሮን እዚሁ ባሕር ዳር ኮምፒዩተር ነው የምትማረው።

«አባባ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ካርድ ናት። እኛ ኮምፒዩተርን የምናዘው በዚህ ነበር፤ ለአንድ መስመር አንድ ካርድ።»

«ሁለት ቁጥር ተጽፎባታል። አንደኛዋስ የታለች?»

«ጠፋች» አልኋት። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለገዛ የልጅ ልጄ!

ዘመኑ የደርግ ነበር። ኮምፒዩተር እንማራለን እንጂ ኮምፒዩተር በዓይናችን አይተን አናውቅም። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። ኮሌጃችን ውስጥ የነበረው የካርድ መብሻ ማሽን ብቻ ነው። ካርዱን በስተን፣ በላስቲክ አስረን አዲስ አበባ እንልካለን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርዱም፣ በሰፊ ወረቀት የታተመው መልስም አብረው ይመለሳሉ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከረሳህ ስህተት ነው፤ እንደገና ሦስት ሳምንት። ትዕግሥት የተማርሁት እዚያ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ የተማርሁት ግን መነጫነጭ ነው።

የክፍል ጓደኛዬ ይባቤ የይፋግ ልጅ ነበር፤ አባቱ መሪጌታ። እኔ የግሽ አባይ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፤ ቤተ ክርስቲያን የምስመው እናቴ ስትቆጣ ብቻ ነው። ይባቤ ከማሽኑ የወጣውን ካርድ ሁሉ ጥጉ ላይ በግእዝ ቁጥር ይጽፍበታል። «ቢበተን እንኳ መልሼ እሰበስበዋለሁ» ይል ነበር። እኛ እንስቅበት ነበር፤ የኛ ጥቅል ወድቆ ሲበተን ደግሞ እሱ ይስቃል።

በሁዳዴ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር እንቀመጣለን። እኔ ትኩስ ዓሣ ጥብስ በሎሚ፣ እሱ ከቤቱ የተላከለትን የሽምብራ ቆሎ።

«በጾም ዓሣ! አንተ አረመኔ» ይለኛል፣ እየሳቀ።

ነፋሱ ውኃው ዳር የበቀለውን ደንገል ያፏጨዋል፤ ታንኳዎቹ እንጨት ጭነው ይመጣሉ። አንድ ቀን የመመረቂያ ሥራ አጣሁ እያልሁ ስነጫነጭ፣ ይባቤ ቆሎውን አስቀምጦ፦

«ባሕረ ሐሳብን ለምን አንሠራውም?» አለኝ።

ጾሙና በዓሉ በየዓመቱ መቼ እንደሚውል ቤተ ክርስቲያን የምታሰላበት ነው። «ዓመቱን ያዝ፣ በአሥራ ዘጠኝ ግደፈው፣ ማለቴ አካፍለው፣ የተረፈውን ያዝ። አባቴ በጣታቸው አንጓ ነው የሚቆጥሩት። ይኸ ማሽንህ ከአባቴ ጣት በምን ይበልጣል?»

«በፍጥነት» አልሁት።

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ምን ይሠራል?»

ሠራነው። ስሌቱ የሱ፣ የማሽኑ ቋንቋ የኔ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርዶች ላይ ስማችንን በሳን፤ ፩ የይባቤ፣ ፪ የኔ። መልሱ ሲመጣ የሃያ ዓመት ፋሲካ ተደርድሮ ነበር። ይባቤ ይፋግ ወስዶ ከአባቱ ጋር አመሳከረው፤ አንድም አልሳተም። መምህራችን ደስታቸው ልክ አጣ፤ ወረቀቱን የቢሯቸው በር ላይ ለጠፉት። ምነው ባልለጠፉት!

ዓርብ ቀን ወሬ ሰማሁ። የውይይት ክበቡ ሊቀመንበር «የሰፊው ሕዝብ ማሽን ለአድኃሪ አስተሳሰብ ውሏል» ብሏል፤ የሠሩት ነገ በስብሰባ ይጠየቃሉ። በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቁጥር ብቻ ነው፤ ስማችን ያለው ካርዶቹ ላይ ነው። ካርዶቹ የተቀመጡበት ክፍል ክፍት ነበር። ላስቲኩን ፈታሁ፣ ሁለተኛዋን ካርድ መዝዤ ኪሴ ከተትኋት፣ መልሼ አሰርሁ። የሱንም ላውጣለት አላልሁም። ሁለቱም ቢጠፉ ማን እንደሠራው መፈለጋቸው አይቀርም፤ አንድ ስም ካገኙ ግን ይበቃቸዋል ብዬ አሰብሁ። አዎ፣ እንዲሁ ነው ያሰብሁት።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ይባቤን ጠራው።

«ይኸ ያንተ ነው?»

ይባቤ አንሥቶ በአውራ ጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገው። ፩ን አየ። ቀጥሎ ፫። ጣቱ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔ ወዳለሁበት አየ፤ ብዙም አልቆየም።

«የኔ ነው።»

«ብቻህን ነው የሠራኸው?»

«ብቻዬን።»

ሁለት መሆናችንን የሚያውቁት መምህራችን አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ። በመጨረሻ ይባረር የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። አወጣሁ።

ሰኞ ዕለት አንሶላውን ጠቅልሎ ይፋግ ገባ፤ አልሸኘሁትም። ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ደግሞ ያኔ ማን ይተወዋል? ክረምቱ ሳይገባ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ወደ ሰሜን ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ፈሪ ለናቱ ይባል የለ? እኔ ለናቴ ተረፍሁ። ተመረቅሁም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንደምንም ደፍሬ ይፋግ ሄድሁ። መሪጌታ ዓይናቸው ጠፍቶ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የልጅዎ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነኝ አልኋቸው።

«ከአንድ ልጅ ጋር ሁነን ሠራነው ይለኝ ነበር፤ ጎበዝ ነው ይል ነበር። አንተ ነህ እንዴ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እሰይ! ያን ልጅ ሳላገኘው እሞታለሁ ብዬ ነበር» ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ይባቤ ለአባቱ እንኳ አልነገረብኝም። ቢረግሙኝ በተሻለኝ።

ትናንት ሜሮንን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኋት። ካርዷን እጇ ላይ እያገላበጠች ሰማችኝ። አላጽናናችኝም፤ ደግ አደረገች።

«ታዲያ ለምን አልቀደድካትም?» አለችኝ።

ብቀድዳት ምን ይቀረኝ ነበር? ሠላሳ ዓመት በኮምፒዩተር ሠርቻለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ስሜን ያላሰፈርሁበት ወረቀት የለም፤ አንዱም ዛሬ ትዝ አይለኝም። ስሜ ቢኖርበት ብዬ የምመኘው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ከሱ ላይ ደግሞ በገዛ እጄ መዝዤ አወጣሁት።