አባቴ ለእህቴ የካቡት መደብ

ባለፈው ሳምንት አውቶቡሳችን ደጀን ለምሳ ሲቆም መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። ሻዩ ጦስኝ ነበረበት። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የደብረ ማርቆሱ ግቢያችን ከነእርጥብ ድንጋይ ሽታው፣ ከነመስከረም ፀሐዩ ድቅን አለብኝ። ስሚኝማ፣ ላጫውትሽ።

ታላቅ እህቴ ጮቄ ተራራ ግርጌ አስተማሪ ነበረች። አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ከበቅሎ ወድቃ ወገቧ ተጎዳና ወደ ቤት አመጣናት። ከወራት በኋላ በምርኩዝ መራመድ ቻለች፤ ማጎንበስ ግን እምቢ አላት። አታማርርም ነበር። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ወደ ተራራው በኩል ታያለች። "መስከረም ሲጠባ እዚያ ቋጥኙ ሁሉ ያብባል" ትላለች፣ ለራሷ ያህል።

አባታችን ግንበኛ ነበሩ፤ ወሬ አያበዙም። አንድ ቀን ግቢው መሃል ድንጋይ መካብ ጀመሩ።

"ምንድን ነው አባባ?" አልኳቸው።

"እሷ ወደ መሬት መውረድ ካቃታት፣ መሬቱ ወደሷ ይውጣ።"

ካቡ ወገቧ ጋ ሲደርስ የጓሮ አፈር ሞሉበት። ከዚያ እኔና እሳቸው ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር ጮቄ ወጣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አባባ የድንጋይ ስንጥቅ በመሮ እየፈለፈሉ ጣት የማታክል ተክል ከነሥሯ ሲያወጡ፣ በእነዚያ ሻካራ እጆቻቸው ጫጩት የያዙ ይመስሉ ነበር። ጦስኝ፣ ሲነኩት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነጭ አበባ፣ መሬት ላይ የተለጠፈች ስሟን የማናውቃት ቢጫ... በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን አመጣናቸው። እህቴ በሁለት እጇ ተቀብላ ተከለቻቸው። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ክረምቱ ሲገባ ግን ተክሎቹ እየጠቆሩ ይበሰብሱ ጀመር።

"ከተማው ሞቃት ነው፤ አልሆነላቸውም። ተይው ልጄ" አሏት አባባ።

እሷ አንዱን የሞተ ተክል መዝዛ ሥሩን በጣቷ ስታሸው ቆየች። "ሙቀቱ አይደለም አባባ። እዚያም ዝናቡ ያው ነው፤ ግን በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ይሄዳል። የኛ አፈር ውሃውን አቅፎ ይይዝባቸዋል። ይናዱትና ከሥሩ ጠጠር እናድርግበት።"

አባባ የሠሩትን ማፍረስ አይወዱም ነበር። ቆመው አዩዋት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው መናድ ጀመሩ። እህቴ ምርኩዟን ጥላ፣ በአንድ ክንዷ ያልተናደውን ካብ ተደግፋ፣ ጠጠሩን ከአፈርና ከአሸዋ ጋር ታማስል ነበር። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ ከንፈሯን ነክሳለች። እረፊ ብንላትም አልሰማችንም። ስንት ብርቱ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀኗ እህቴ ያለ ግን አላየሁም። ካቡ ተመልሶ ሲቆም፣ ገና ነፍስ የነበራቸውን ጥቂቶች፣ ግራና ቀኛቸው ድንጋይ እያስጠጋች መልሳ ተከለቻቸው።

በዓመቱ መስከረም መደቡ በቀለም ተንቆጠቆጠ። ሐምራዊው ከነጩ፣ ነጩ ከቢጫው ተቃቅፎ በካቡ ጠርዝ ላይ ይፈስ ነበር፤ ንቡ ከጠዋት ጀምሮ ይጮህበታል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረቤቶች አጥራችን ጋ ይቆማሉ። አንዲት አሮጊት "እሰይ! ጮቄ ራሱ ከተማ ገባ እንዴ?" አሉ።

እህቴ ለአባባ የነገረቻቸው ያን ሰሞን ነው። "ትምህርት ሊጀመር ነው፤ ልመለስ።"

"እኔ እኮ ያመጣሁልሽ እዚሁ እንድትሆኚ ነበር" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"አውቃለሁ አባባ። ግን አሁንም እንደምችል ያወቅሁት መደቡን ስሠራ ነው።"

አባባ አልተከራከሩም። ጓዟን ራሳቸው ተሸክመው መናኸሪያ አደረሷት፤ የመኪናው አቧራ እስኪጠፋም ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ቤት ስንመለስ ቀጥ ብለው ወደ መደቡ ሄዱ። ቢጫዋን አበባ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው "ውሃ ትፈልግ ይሆን?" ሲሉ ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

"እንግዲያ እሑድ ሄደን እንጠይቃታለን" አሉ።