ለጅብ የተገዛው ክላሽ

ልጅ እያለሁ የምንኖረው መተሐራ፣ ከሸንኮራ እርሻው ዳር ባለ የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ነበር። ቤቶቹ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ውስጣቸው እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ይግላል። ሸንኮራው ሊቆረጥ ሲል ቅጠሉ እንዲራገፍ እሳት ይለቀቅበታል። ያን ቀን ጥቁር አመድ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ በታጠበ ልብስ፣ በፀጉራችን፣ በምሳችን ላይ ያርፋል። እኛ ልጆች አመዱን መሬት ሳይነካ በመዳፋችን ለመቅለብ እንሽቀዳደም ነበር። ዛሬም የሞላሰስ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ጨዋታ ነው። ከዚያ ተከትሎ የሚመጣውን ግን አልወደውም።

አባቴ ይማም ከወሎ የመጣ የመስኖ ሠራተኛ ነበር። ጎህ ሲቀድ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሸንኮራው መሐል ይገባል፤ ቦዩን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። እናቴ ዘሃራ ቤት ነበረች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ወንድሜ ሰይድ ገና ይድሃል። ወተት የሚያመጡልን አዴ ሃዎ የሚባሉ የከረዩ ኦሮሞ ሴት ነበሩ። በየማለዳው ከፈንታሌ ተራራ በኩል በእግራቸው ይመጡና የወተቱን ዕቃ እንዳዘሉ በራችንን በዱላቸው መታ መታ ያደርጋሉ። “ነጋ ቡልታኒ?” ይላሉ፤ በሰላም አደራችሁ ወይ ማለታቸው ነው። ዕቃው በእንጨት ጭስ የታጠነ ስለሆነ ወተታቸው ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ ያንን ጣዕም ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም። እናቴ በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ እሳቸው በተሰባበረ አማርኛ ደጃፉ ላይ ቆመው ያወራሉ። እኔን “ኢንተላ ኮ” ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለት ነው።

በዚያ በጋ ጅብ በዛ። መጀመሪያ የውሃ ቀጂዎቹን አህያ በላ። ሰው ተናደደ እንጂ አልፈራም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ከማታ ፈረቃ ብቻውን ሲመለስ የነበረ አንድ ወጣት ቆራጭ ቤቱ ሳይደርስ ቀረ። ጠዋት መጀመሪያ የተገኘው አንድ እግር ጫማውና የምግብ ሳህኑ ነበር። ከሰውነቱ የቀረውን ወንዶቹ በአንሶላ ጠቅልለው ሲያመጡት እናቴ ዓይኔን በመዳፏ ሸፈነችው፤ ግን አንሶላው ምን ያህል ትንሽ እንደነበር አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ካምፑ ውስጥ የሚወራው ስለ መሣሪያ ብቻ ሆነ። ደርግ ከወደቀ ብዙ አልቆየም፤ መሣሪያ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። አባዬ ገና ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ የሚወጣ ሰው ነው። እናቴ እስኪመለስ ድረስ ደጅ ደጁን ስታይ ትውላለች። ስለዚህ አባዬ ጠመንጃ ልግዛ ሲል ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ያስጠራው ነጋዴ ሦስት መሣሪያ በጆንያ ጠቅልሎ ቤታችን መጣና አልጋው ላይ ደረደራቸው፤ ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ፣ ሽጉጥና ክላሽ። አባዬ እንዲያማክሩት ጎረቤታችንን ሃምሳ አለቃ በየነን ጠርቶ ነበር። ሃምሳ አለቃ ግማሽ ዕድሜያቸውን በጦር ሜዳ ያሳለፉ፣ በአንድ ጆሯቸው የማይሰሙ ሽማግሌ ናቸው። መሣሪያዎቹን ሳይነኩ ተቀመጡ።

“ይማም፣ መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኸው ንገረኝ” አሉት።

“ለጅብ ነዋ ሃምሳ አለቃ፤ እርስዎም ያውቁታል።”

“ለጅብ ከሆነ ጥሩ ባትሪና ውሻ ይበቃሃል። የለም ካልክ ባለ ሁለት አፉን ውሰድ። ወደ ሰማይ ትተኩሳለህ፣ ጩኸቱ ያባርረዋል። ሽጉጡን እርሳው፤ ልጅ ባለበት ቤት የሚጎዳው ባለቤቱን ነው። ክላሹ ደግሞ...” ብለው ግድግዳችንን በጣታቸው አንኳኩት። “ይሄ ጭቃ ነው። ካንተ ቤት የወጣ ጥይት እኔ ቤት ነው የሚያድረው።”

ነጋዴው ሳቀ። “ጅብ ብቻውን አይመጣም ወንድሜ” አለው አባዬን። “በዚያኛው ሁለቱን ተኩሰህ እንደገና እስክታጎርስ ይበላሃል። በዚህ ሠላሳ ጥይት አለህ።”

እናቴ ሰይድን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። “እኔስ ከጅቡ ይልቅ አልጋዬ ላይ ያለው ነው ያስፈራኝ” አለች።

አባዬ አንዱን አንስቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። “ሰአዳ፣ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጫለሽ?” አለኝ ፈገግ ብሎ። ለቀልድ ነው። የክላሹ እንጨት በዘይት ተወልውሎ እንደ ተምር ቀልቶ ያበራ ነበር። በጣቴ አሳየሁት። “አያችሁ፣ ልጄም ታውቃለች!” አለ። ነጋዴው ሳቀ፣ አባዬም ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ “ጥይቱን ለብቻው አስቀምጥ። የምትተኩስበትን ሳታይ ጣትህን ወደ ቃታው እንዳትሰድ” አሉት። አባዬ “እሺ” አለ፤ ልብ ብሎ ነበር ያለው።

መጀመሪያ አካባቢ እንዳሉት አደረገ። ጠመንጃው ጣሪያው ሥር ባለው ቆጥ ላይ፣ ጥይቱ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ሆነ። ቀስ በቀስ ግን “ጅብ ሳጥን እስክከፍት አይጠብቀኝም” ማለት ጀመረ። በሳምንቱ ክላሹ ካዝናው እንደተሰካ ትራሱ አጠገብ ማደር ያዘ። በጓሮ በኩል የነበረውን፣ አንዳንዴ አዴ ሃዎም የሚገቡበትን የአጥሩን ክፍት ቦታ በግራር እሾህ ዘጋው፤ የፊቱን በር በሰንሰለት አሰረው። አዴ ሃዎ ጠመንጃው ከተገዛ ወዲህ አልመጡም ነበር። ልጃቸውን ሊድሩ ወደ ዘመዶቻቸው እንደሚሄዱ አስቀድመው ለእናቴ ነግረዋት ነበር። ስለዚህ ጠመንጃ መግዛታችንንም፣ ሰንሰለቱንም አያውቁም።

የተመለሱበት ማለዳ ከካምፑ አጠገብ ያለው ሸንኮራ የተቃጠለበት ነበር። እሳቱን ነፋስ ሳይነሳ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚለቁት። ሸንኮራ ሲነድ እንደ በቆሎ ይንጣጣል፤ ሰው አጠገብህ ቢጮህ አይሰማህም። ውስጡ የተደበቀ አውሬ ሁሉ እሳቱን ሸሽቶ ይወጣል፤ ከርከሮ፣ ቀበሮ፣ ጅብ። አባዬ ይህን ስለሚያውቅ ክላሹን አቀባብሎ ጓሮ ወጣ። እኔ መጸዳጃ ቤት መሄድ ፈልጌ ከኋላው ነበርኩ። “ቁሚ” አለኝ፤ ቆምኩ። ጭሱ ጓሮውን ሞልቶታል፣ ዓይኔ ያለቅሳል። እሾሁ ሲንኮሻኮሽ አየሁ። ጎንበስ ያለ፣ ጀርባው ያበጠ ጥቁር ነገር እሾሁን እየገፋ ይገባል። አባዬ ተኮሰ። አንድ ጊዜ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሲቆጠር ሦስት ጥይት ነው።

ከዚያ ድምፅ መጣ። “አና... አና፣ ሃዎዳ” የሚል ቀጭን ድምፅ። እኔ ነኝ፣ ሃዎ ነኝ ማለት ነው።

አዴ ሃዎ በሩ በሰንሰለት ታስሮ ሲያገኙት ተጣርተው ኖሯል። የእሳቱ ጩኸት ድምፃቸውን ስለዋጠው ዞረው በለመዱት የጓሮ መንገድ መጡ። እሾሁን በዱላቸው ወደ ጎን እያደረጉ ነበር። እናቴ እየጮኸች ወጣችና ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አደረገች። ነጠላዋን ቁስሉ ላይ ስትጫን ነጠላው ነጭ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ወተቱ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ መሬቱ ላይ ሮዝ ሆኖ ይፈስ ነበር። ካምፑ በሙሉ እየሮጠ መጣ፤ ዱላ የያዘ፣ ውሃ የያዘ፣ ባዶ እግሩን የወጣ። ሃምሳ አለቃ በግድግዳቸው ከገባው ጥይት ለጥቂት ነው የተረፉት፤ እሳቸውም ሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። ክላሹን ከአባዬ እጅ ወስደው ጥይቱን አወጡ። አባዬ እጁን አልዘረጋም፣ አልከለከለም፤ ጠመንጃው ከሄደ በኋላም ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ። አራት ሰው ሆነው አዴ ሃዎን በአልጋ ተሸክመው ወደ ሕክምና ሮጡ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞቱ።

አባዬ ፖሊስ ሳይፈልገው በራሱ እግር ሄዶ እጁን ሰጠ። ካምፑ የአዴ ሃዎን ዘመዶች በቀል ፈርቶ እንድንሸሽ ለመነን። እናቴ ግን “የትም አልሄድም፤ ለቅሶ እደርሳለሁ” ብላ ሰይድን አዝላ፣ እኔን በእጄ ይዛ ወደ ሰፈራቸው ወሰደችን። ማንም አልነካንም። ማንምም ተቀመጡ አላለንም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመን ዋልን። ወደ ማታ አንዲት ልጅ ውሃ አመጣችልን። ገና እጇ ላይ ሂና ነበረባት። የተዳረችው ልጅ እሷ ናት።

ከወራት በኋላ ሽማግሌዎች ለእርቅ፣ እነሱ ጉማ ለሚሉት፣ ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ተቀመጡ። አባዬን ከእስር ቤት በሁለት ፖሊስ አጅበው አመጡት። የአዴ ሃዎ ባል ኦቦ ሮባ ረጅም፣ ደረቅ ያሉ አዛውንት ናቸው። ብዙ አልተናገሩም።

“ጅብ መስላህ ነው አሉ?” ብለው ጠየቁት።

“አዎ።”

“ጅብ ዱላ ይዞ አይተህ ታውቃለህ?”

አባዬ መሬት መሬት እያየ፣ “አላየሁም አባቴ” አለ። “ምንም አላየሁም። ሳላይ ነው የተኮስኩት።”

ኦቦ ሮባ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሃዎ እዚህ ተወልዳ እዚህ አረጀች። ጅብ ባለበት ዕድሜዋን ሙሉ በዱላ ብቻ ነው የሄደችው” አሉ። እርቁ ወረደ፤ ደሙ ግን ደርቋል ብዬ አላምንም።

አባዬ እስሩን እስኪጨርስ እኛ አዳማ ገባን፤ እናቴ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች አሳደገችን። ሲፈታ ፀጉሩ ሸብቷል። የጥበቃ ሥራ በቀላሉ ያገኝ ነበር፤ መሣሪያ ያስይዙኛል ብሎ እምቢ አለ። ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። በር ሲንኳኳ ቀና ብሎ “ማነው?” ይላል። መልስ ቢሰማም እንደገና “ማነው?” ይላል፤ ስም ተጠርቶ፣ ፊት አይቶ ካልሆነ እጁ አይፈታም። አንድ ጊዜ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ድፍረቱን አግኝቼ፣ “አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የመረጥኩት፤ ጠይቀኸኝ በጣቴ አሳይቼህ ነበር” አልኩት። “ጠይቄሽ ነበር እንዴ? ረስቼዋለሁ” አለኝ። እውነት ረስቶት ይሁን ለእኔ ብሎ፣ ሳልለየው ዓምና ቀበርነው።

ሰይድ ዛሬ የጭነት መኪና ባለቤት ነው፤ በዚያው በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ይመላለሳል። ባለፈው ስልኩን ከፍቶ የመሣሪያ ፎቶዎች አሳየኝ። “መንገዱ ክፉ ሆኗል እህቴ፤ ሰው እየወጣ ይቀራል። የቱን ልያዝ ትያለሽ?” አለኝ። ፍርሃቱ የአባዬ ፍርሃት ነው፤ ውሸት ልለው አልቻልኩም። ነገሩ ሲሆን እሱ ገና ይድህ ነበርና ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። “ያኔ የሚፈራው እኮ ጅብ ነበር” አለኝ፣ ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ። ይግዛ ይተው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያ ዘመን ደግ ነበር አልልም፤ የገደልነው በዚያ ዘመን ነው። ግን ተኩሱ ሲሰማ ካምፑ በሙሉ፣ ባዶ እግሩን እንኳ ሆኖ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ድምፁ ሮጦ ነበር። አሁን በሰፈራችን በጠራራ ፀሐይ ተኩስ ሲሰማ ሁላችንም ወደየቤታችን ገብተን በር እንዘጋለን። ልጆቻችንን አንድ ሁለት ብለን እንቆጥራለን። ሞልተው ካገኘናቸው የተመታው ማን ነበር ብለን አንጠይቅም።