ለቅሶ የመሰለው የዓይኔ መቅላት

ይህ የገጠመኝ ካዛንቺስን ለቀን በወጣንበት ሳምንት ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ያን ሳምንት አንድ ሰው ልብ ብሎ ባያየኝ ኖሮ ግራ ዓይኔ አይኖረኝም ነበር።

ሰፈራችን ስለሚፈርስ እንድንለቅ ከተነገረን በኋላ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ዕቃ መጠቅለል ጀመርኩ። የተወለድኩበት ቤት ነው። እናቴ ያረፈችው እዚያ ነው፤ ሁለት ልጆቼንም ያሳደግሁት እዚያው። አንድ ሚስማር እንኳ ትቼ አልሄድም ብዬ ፎቶ የተሰቀለባቸውን ሚስማሮች በጉጠት ስነቅል፣ የጭቃው ልስን ተገምሶ ፊቴ ላይ ወረደ። ግራ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። በነጠላዬ ጫፍ ደጋግሜ አሸሁት። የሚስማር ስስት ያመጣብኝ ጣጣ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ዓይኔ ደም መሰለ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ይህን አይተው፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ከታዘዘላቸው የተረፈውን ጠብታ አመጡልኝ። እኛ ሰፈር መድኃኒት የግል ሆኖ አያውቅም። የአንዱ ልጅ ሽሮፕ ለሌላው ልጅ፣ የአንዷ ቅባት ለሌላዋ ጉልበት ነበር። ተምሬያለሁ የምለው እኔም ለምን እንደታዘዘ ሳልጠይቅ አንጋጥጬ አስጨመርኩ። መቅላቱ ትንሽ ቀነሰልኝና ተዘናጋሁ። ሕመሙ ግን ባሰ፤ ብርሃን ማየት አስጠላኝ።

ያን ሳምንት ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ዓይኑ ያልቀላ ሰው አልነበረም። አንድ አይሱዙ በተጫነ ቁጥር ይለቀሳል። እኔም መሐረብ ይዤ ስለምዞር ያገኘኝ ሁሉ ያጽናናኛል። እናቷን አስታውሳ ነው ይባባላሉ። ሰው ቤቱን እያጣ ዓይኔን አመመኝ ማለት አሳፈረኝ። ደግሞም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። መጀመሪያ ዕቃው ይውጣ፣ ሐኪሙ ይደርሳል አልኩ።

እሱ ሳይደግስ አይጣላም። የእኛ ተራ ደርሶ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ጎረቤት ሊሰናበተን ወጣ። ጋሽ ታዬም መጡ። ከጤና ጣቢያ በጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። ልጆች ሳለን ጉልበታችን ሲላጥ የሚያሽጉልን፣ መርፌ ይዘው ሲወጡ ደግሞ ከአጥር አጥር የምንሸሻቸው ሰው ነበሩ። ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝና ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ሰው በአንድ ዓይኑ አያለቅስም» አሉኝ።

ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ አስሸፈኑኝና ፊታቸው ይታየኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጉም ነበር የሚታየኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ምን እንዳደረግሁበት ሲጠይቁኝ እትዬ ዘነበች ጠብታውን አወጡ። ጋሽ ታዬ አልተቆጧቸውም፤ ብልቃጡን አንብበው ሁለተኛ እንዳይጨመር ብቻ ተናገሩ። መኪናው እየጠበቀኝ ስለሆነ ነገ እሄዳለሁ አልኳቸው።

«ዕቃ መልሶ ይገዛል፤ ዓይን ከየት ይመጣል?»

ዕቃውን ከትልቁ ልጄ ጋር ልከን፣ እሳቸው በታክሲ ዓይን ሕክምና ይዘውኝ ሄዱ።

ሐኪሟ የዓይኔ ጥቁሩ ላይ ያለው መስታወት መሰል ሽፋን ተጭሮ መቁሰሉን ነገረችኝ። የተጨመረብኝ ጠብታ መቅላቱን እያስታገሰ ቁስሉን የሚያባብስ ዓይነት ነበር። ጥቂት ቀን ብቆይ ኖሮ ብርሃኑን ላጣው እችል ነበር። ለሳምንታት ሌላ መድኃኒት በሰዓት በሰዓቱ ስጨምር ከርሜ ዳንኩ።

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ዓይኑ የቀላ ሰው ካየሁ አላሳልፍም። በእጅህ አትሸው፣ የሰው ጠብታ አትዋስ፣ ሕመም ካለው ወይ ብርሃን ካስፈራህ ወይ ከደበዘዘብህ ዛሬውኑ ሂድ እላለሁ። ዶክተር እያሉ ያሾፉብኛል፤ ያሹፉ።

ሲሻለኝ ላመሰግናቸው ካዛንቺስ ብሄድ የጋሽ ታዬ ቤት የነበረበት ሜዳ ሆኗል። ስልካቸውን ከእድራችን ጸሐፊ ተቀብዬ ደወልኩ። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ሳለ የእኔን እንዴት እንደለዩት ጠየቅኋቸው።

«ያን ቀን የሁላችሁንም ፊት አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ከተበተንን በኋላ ዳግም እንደማላገኛችሁ አውቄያለሁ» አሉኝ።

አሁን ያለሁበት ኮንዶሚኒየም ንጹሕ ነው፤ ጎረቤቶቼም ክፉ አይደሉም። ግን ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላም የምንባባለው ስልካችንን እያየን ነው። ካዛንቺስ የምትናፍቀኝ በዚህ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ታዬ ወደ ገቡበት አዲስ ቤት ሄድኩ። ለካ ሁለት ታክሲ ብቻ ነው። ዛሬም በወር አንዴ እሄዳለሁ። በር ላይ ሲቀበሉኝ መጀመሪያ የሚያዩት ዓይኔን ነው፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን እስክጠግብ አያቸዋለሁ።