ራይት ያደረግሁበት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ ሥላሴ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ከንፈሬ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ምን ብዬ ልጀምር? አባ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ራይት አደረግሁ ልበላቸው? ራይት ማድረግ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው ቢሉኝስ? ሐሜቴንና የሻርኩትን ጾም ተናዝዤ፣ ስግደቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ዋናውን ይዤው ተመለስኩ። እንግዲህ ለእናንተ ልናገር። እናንተ አታውቁኝም፣ ስግደት አታዙብኝም፤ ስትፈርዱብኝም ፊታችሁን አላይም። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር የሚቀለኝን መርጫለሁ።

ፎዚያ ጎረቤቴ ነበረች። ፒያሳ ሳይፈርስ፣ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር፣ የሁለታችን ቤት በአንድ ጭቃ ግድግዳ ነበር የሚለየው። እኔ ሳስነጥስ እሷ ከማዶ ይማርሽ ትለኝ ነበር። አባቷ ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ጫፍ በየዓመቱ እየፈቱ ያስረዘሙልኝ እሳቸው ነበሩ። ለፋሲካ እናቴ ሁለት ዶሮ ትገዛና አንደኛውን ጋሽ ሰይድ እንዲያርዱት ትልከዋለች፤ የእነ ፎዚያ ድርሻ ከዚያ ይሠራል። እንዲህ ነበር የምንኖረው። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ምን እንዳበላሸሁ እንድታውቁ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ሁለታችንም ሥራ ፈትተን ተቀምጠናል። እሷ ሒሳብ ነበር የተማረችው፣ እኔ እንግሊዝኛ። የአክሲዮን ገበያ ሊከፈት ነው እየተባለ በሚወራበት ሰሞን አንድ አዲስ ድርጅት ማስታወቂያ አወጣ። በማንኛውም ትምህርት የተመረቀ፣ በስሌት የማይቸገር፣ የገበያውን እንግሊዝኛ የሚያውቅ፤ ብዛት አንድ ይላል። ብዛት አንድ የሚለውን ሁለታችንም አነበብነው። ሁለታችንም እንዳላነበበ ሰው ሆነን ተመዘገብን።

በየጠዋቱ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ከባንኮኒው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ የኛ ሆነች። አንድ ማኪያቶ አዝዘን ለሁለት እንካፈላለን። እሷ እኔን ፐርሰንት ታስተምረኛለች፣ እኔ እሷን ቃላት። ማታ ቤቷ ሆና አሥር ቃላት ሰማያዊ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ ከጎናቸው ትርጉማቸው ነው ብላ የምታስበውን ታሰፍራለች፤ ጠዋት እኔ እንደ አስተማሪ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። ልክ ከሆነ ራይት፣ ካልሆነ ኤክስ። ስልኳ ላይ ማየት ትችል ነበር። ግን እኔ ራይት ያደረግሁበትን ቃል ዳግመኛ አትፈልገውም። ለምን ትፈልገው?

እነዚያን ጠዋቶች እንዴት ልንገራችሁ? ፎዚያ የአራዳ ልጅ ናት፤ ቃል እጇ ከገባ አገላብጣ ሳትጫወትበት አትለቀውም። ገበያ ሲወድቅ ቤር ማርኬት ይባላል ስላት፣ “ብር ነው እንዴ? እሱማ መውደቅ ልማዱ ነው” አለችኝ፤ የባንኮኒው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። ኢንተረስት ወለድም ፍላጎትም ማለት ነው ስላት ደግሞ ጥቂት አሰብ አደረገች። እነሱ ቤት ወለድ በሃይማኖት ክልክል ነው። የፈረንጅ ገንዘብ ይጓጓል፣ የናንተ ይወልዳል፣ የኛ ቤቱ ግን መካን ነው አለች። እኔ እንግሊዝኛን አራት ዓመት ሙሉ ስማር እንደዚያ ሰሞን ወድጄው አላውቅም። ያስወደደችኝ እሷ ነበረች።

የጽሑፍ ፈተናው ውጤት በስልካችን መጣ። ፎዚያ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። የቀረን የቃል ፈተና ብቻ ነበር። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ሳምኳት፤ የሳምኳት ከልቤ ነበር፣ እስከ ቤቴ በር ድረስ። በሩን ዘግቼ ስቀመጥ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። እኔ ያስተማርኳት ልጅ፣ ኤል እና አርን ስታምታታ ያረምኳት ልጅ፣ እኔኑ ልትበልጠኝ ነው? እሷ እኔን ያስተማረችኝ ፐርሰንት ባይኖር ሁለተኛም እንደማልወጣ አላሰብኩም። ቅናት ሒሳብ አይችልም።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን እንደ ወትሮው ወደኔ ገፋችው። ስድስቱን አረምኩ። ሰባተኛው ሴኩሪቲስ ይላል። ከጎኑ በዚያች ጥቃቅን ጽሑፏ፣ የጥበቃ ሠራተኞች ብላ ጽፋለች። ምን ብላ ትጻፍ? በኛ ከተማ ሴኩሪቲ ማለት ባንክ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ የሚፈትሸው ሰው ነው። የገበያውን ትርጉም፣ የሚሸጥና የሚገዛ ሰነድ መሆኑን፣ እኔ አውቀው ነበር። ከሁለት ቀን በፊት አንብቤዋለሁ፤ ልነግራት ሁሉ አስቤ ነበር። እስክሪብቶዬ ቃሉ ላይ ቆመ። መቆሙን አይታ፣ “ይቺ ቀላል ናት አይደል?” አለችኝ።

አዎ አልኩ። ራይት አደረግሁ።

ሰይጣን አሳሳተኝ ልል ነበር። ሰይጣን ደብተር አያርምም። እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ ያንን ራይት አሳምሬ ነው ያደረግሁት። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ከዚያ በኋላ አራት ጠዋቶች ነበሩ፤ በአንዳቸው፣ ያቺን ቃል ተሳስቻለሁ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ማኪያቶዬን ጠጣሁ።

የቃል ፈተናው አምስት ኪሎ፣ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እሷ ቀድማ ገባች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። የብዙ ሰው ሳቅ ነበር። ፎዚያ ስትወጣ ፊቷ በርቷል። አጠገቤ ቁጭ ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አንድ ኩባንያ ወደ ገበያው ሲመጣ ለሕዝቡ ምን ምን ሴኩሪቲስ ያቀርባል ብለው ጠየቋት። ሁለት ወንዶች በር ላይ፣ አንድ ደግሞ በጓሮ በኩል ብላ በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው። “ሴት ፈታሽም እንዳይረሱ አልኳቸው። ሳቁ። የወደዱኝ መሰለኝ” አለችኝ።

ያን ጊዜ እንኳ ተነሥቼ መግባትና ጥፋቱ የኔ ነው ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ስሜ ሲጠራ ገባሁ፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ በትክክል መለስኩ። አንደኛው ፈታኝ ገና ከሳቁ ዓይኑን እየጠረገ ነበር። ሥራውን ሰጡኝ።

በሳምንቱ ፎዚያ ቤታችን መጣች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ሰማያዊውን ደብተር እጄ ላይ አስቀምጣ፣ “ሥራሽ ላይ ይጠቅምሻል፤ ለኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?” አለችኝ። እኔም ዓይኗን ላለማየት አንገቷ ሥር ተሸሸግሁ። ደብተሩን ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፤ አልከፈትኩትም። ኬክ ቤቱን ሥራ በዛብኝ ብዬ ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ፈረሰ። እኛ አንድ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ እነሱ ሌላ ዳር ሄዱ። ስልኳ መጀመሪያ አይነሣም ነበር፣ በኋላ ከነጭራሹ ጠፋ። የጋሽ ሰይድን ሱቅ ያየ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

ባለፈው ሰሞን ዕቃ ሳስተካክል ካርቶኑ ወጣ። ደብተሩን ከፈትኩት። ሰባተኛው ቃል ላይ የኔ ቀይ ራይት እንዳለ ነው። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእሷ ጥቃቅን ጽሑፍ፣ “አክሲዮን፣ ቦንድ። ሰነደ ሙዓለ ንዋይ” ይላል።

አውቃ ነበር። ያን ቀን ስታቅፈኝ አውቃ ነበር። የኔን ራይት አልሰረዘችውም፣ ኤክስ አላደረገችበትም፣ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ትክክለኛውን ጽፋ ደብተሩን መለሰችልኝ። ይቅር ብላኝ ነው? ወይስ አንድ ቀን እንዳየውና እንዲያመኝ ነው? አላውቅም። ይቅር ብላኝ ነው ብዬ ማሰብ ይቀለኛል፤ ስለሚቀለኝ አላምነውም።

ትናፍቀኛለች። ሥራዬ ላይ በቀን ስንት ጊዜ ያንን ቃል እንደምጽፈው፣ በጻፍኩት ቁጥር ሴት ፈታሽ የምትለዋን እንደምሰማት ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቤቴ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ሳስነጥስ ይማርሽ የሚለኝ የለም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ራይቱንም አልሰረዝኩትም፤ እሱን መሰረዝ የእሷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ፒያሳ እወጣለሁ። ኬክ ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ሣርና አግዳሚ ወንበር አለው። የሷም እግር አንድ ቀን ይመልሳት ይሆናል ብዬ እቆማለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የቦታው ጥበቃ፣ ዱላውን የያዘ ጎልማሳ፣ ብዙ ሲያየኝ ቆይቶ ቀረብ አለኝ።

“እህት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ጥበቃው እኔ ነኝ” አለኝ።

ፎዚያ ብትሰማው ቀኑን ሙሉ ስትስቅ በዋለች። ሰው ነው የምጠብቀው አልኩትና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።