አንድ ስንዝር ቀዳዳ

ዛሬ ጠዋት ምንም ያልሆነ ነጠላ ጠገንኩ። ኮን ከተማ የምትኖረው ልጄ ጥሩዬ ልጇን ልትድር ስለሆነ፣ «አባዬ፣ የእማዬን ነጠላ አውጥተው ያናፍሱልኝ፤ ነገ ከኮን መጥቼ እወስደዋለሁ» ብላኝ ነበር። ከሳጥን ሳወጣው ጠርዙ ተበሳስቶ በጣቴ ተሰማኝ፤ ከዓይኔ ጋር እንደሆነ ከተኳረፍን ሰንብተናል። ብል ነው አልኩና፣ ከስፌት መኪናው መሳቢያ እንጨት ላይ የተጠመጠመ ክር አግኝቼ፣ አንድ ስንዝር ያህሉን ድፍን አድርጌ ሰፋሁት። በሙያዬ ተኩራርቼ ሳገላብጠው፣ የቀረው ቀዳዳ ዙሪያውን በሥርዓት ተደርድሮ አገኘሁት። ብል ተሰልፎ አይበላም፤ ሽማግሌ ግን ሳያስብ ይሰፋል።

ቀዳዳው የባለቤቴ የአስካለ ሥራ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ወደ ከተማችን ወደ ላሊበላ ሰው በእግርም በአውሮፕላንም ሲጎርፍ፣ ከወልድያ በጭነት መኪና ያስመጣናትን ባለመርገጫ የስፌት መኪና በረንዳችን ላይ አኑራ ትሰፋ ነበር። ጠርዙ ላይ የአግድሙን ክር በመርፌ ጫፍ ታነሳና ሳይበጠስ ከዳር እስከ ዳር ትመዘዋለች፤ የቀረውን የቁመቱን ክር ጥቂት ጥቂቱን እየሰበሰበች በመኪና ስታስረው፣ መሃሉ መሰላል የመሰለ ክፍተት ይሆናል። የመዘዘችውን ክር አትጥልም፤ ልብሱ አንድ ቀን ቢቀደድ በገዛ ክሩ ይጠገን ብላ እንጨት ላይ ጠምጥማ ታስቀምጠዋለች። እኔ ልርዳሽ ብዬ ክሩን በበጠስኩ ቁጥር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይመዘዛል እንጂ አይታረስም!» ትለኝ ነበር። ጎረቤታችን ቄስ፣ «አስካለ፣ ልብሱ ምን በደለሽና ትበሺዋለሽ?» ቢሏት፣ «አባ፣ እርስዎ የሚቀድሱበትስ ደህናው ድንጋይ ተፈልፍሎ አይደል?» አለቻቸው። ሳቁ፤ ውለው ሳያድሩም የራሳቸውን ነጠላ ይዘው መጡ።

ይህን ነጠላ ለጥሩዬ ሠርግ ስትጀምረው ታመመች። ክረምቱ ሲገባ እግሯ መርገጫውን መግፋት አቃተው። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መርገጫውን በሁለት እጄ ስገፋ፣ እሷ ከላይ ጨርቁን ትመራለች፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ የመኪናውን ድምፅ ሲውጠው፣ ጉልበቷ ትከሻዬን ይነካኛል። «ቀስ በል እንጂ! ፍላቂት ገበያ ልታደርሰኝ ነው እንዴ?» ትላለች። ቀስ እላለሁ። ያ መጨረሻችን መሆኑን ባውቅ ኖሮ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ባልኩ። ነጠላው ለሠርጉ ደረሰ፤ እሷ አልደረሰችም።

ዛሬ የደፈንኩት ያችኑ ጠርዝ ነው። በስፌቱ አወቅሁት፤ መርገጫውን የገፋሁት እኔ ነኝና ሰካራም እንደሄደበት መንገድ ይወላገዳል። እንዳልፈታው፣ የሰፋሁበት ክር እሷ ራሷ ከዚያው ነጠላ የመዘዘችው ነው፤ የትኛው እሷ የተወችው፣ የትኛው እኔ የመለስኩት እንደሆነ ዓይኔም ጣቴም አይለዩትም። የእኔን ስመዝ የእሷን ብበጥስስ? ነጠላውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ መርፌ እንደያዝኩ ሳመነታ፣ ፀሐይዋ ከበረንዳው ወረደች። ነገ ጥሩዬ እንደ እናቷ ስቃ ብትሰድበኝ እወዳለሁ፤ የፈራሁት ዝም እንዳትል ነው።

እስከዚያው የአስካለ አንድ ስንዝር ቀዳዳ አለብኝ።