ሰው ያልወደደው ቅጠል

ከመንገዱ ማዶ፣ በኤሊስ ቶርፕ ቤት ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በበረዶው ወራት የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ውርጭ ለብሶ ሲያድር እሷ ብቻ ያልባታል፤ ጠብታዋ እየተንከባለለ ሲወርድ ከእኔ ቤት ይታየኝ ነበር። ከመስኮቷ ጀርባ ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ይኖራሉ። ኤሊስ ራሱ ምድር ቤት ካፖርቱን እንደለበሰ ይቀመጣል፤ የቤቱ ሙቀት በሙሉ የእነሱ ነው።

ጉንዳኖቹ የሚስቱ የኔስታ ነበሩ። ኔስታ በከተማው መናፈሻ፣ በመስታወቱ ቤት ውስጥ፣ የሞቃት አገር አትክልት የምታጠጣ ሴት ነበረች። መስታወቱ ቤት ሲዘጋ ወፉም አበባውም ወሳጅ አገኘ፤ ጉንዳኖቹን ግን የሚጠይቅ ጠፋ። እሷ ንግሥቲቱን ከነእንጉዳይዋ ባልዲ ውስጥ አድርጋ፣ በሻርፗ ሸፍና፣ ሕፃን እንደታቀፈች እናት በአውቶቡስ አመጣቻት። ልጅ አልነበራቸውም። ሰፈርተኛው «ኔስታ ወለደች» ብሎ ቀለደ፤ ከሁላችን ይልቅ የሳቀችው እሷ ነበረች።

«ቅጠሉን አይበሉትም እኮ» ትለን ነበር፣ ሊያይ የመጣውን ሁሉ። «ያኝኩትና ለእንጉዳዩ ያጎርሱታል። እንጉዳዩ ያድጋል፣ እነሱ እሱን ይበላሉ። ገበሬዎች ናቸው፤ ማሳቸው ከሞተ እነሱም ሞቱ።»

በመከር ኔስታ ታመመች። ኤሊስ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሐዲድ ሲጠግን የኖረ፣ ወሬ የማይቀናው፣ ሻዩን ቆሞ የሚጠጣ ሰው ነው። ከቅጠል ጋር አይተዋወቅም። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ተማሪ ያዳምጣት ነበር።

«ሐረጉን ተወው፣ አይሆናቸውም። ለገና በር ላይ የሚሰቀለው እሾሃም ቅጠል ደግሞ ድንጋይ ነው፣ መንጋጋቸው አይችለውም። ሐዲዱ ዳር ያለው የዱር እንጆሪ በረዶ ውስጥም አረንጓዴ ነው፤ ከሁሉ እሱን አስቀድም። እሱ ሲጠፋ የአጥር ቅጠል። ግን ባለቤት ያለው አይሁን።»

«አጥር ባለቤት ከሌለው እንዴት አጥር ሆነ?»

«ሰው ያልወደደውን ቁረጥ ማለቴ ነው፣ የኔ ሞኝ። ትል የበሳውን፣ አቧራ የጠጣውን። ሰው የወደደው ቅጠል መድኃኒት ይረጭበታል።» ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። «እስከ ሚያዝያ አድርስልኝ። ነጭ አበባ የሚያወጣው እሾህ ካቆጠቆጠ ሌላውን አልፈራም።»

«እስከ ሚያዝያማ አንቺው ራስሽ…»

«እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

ጥቅምት ሳያልቅ ቀበርናት።

ከዚያ በኋላ የኤሊስ ሕይወት ያቺ «እሺ» ሆነች። ጧት ጧት መቀስና ከረጢት ይዞ ወደ ሐዲዱ ዳር ይወርዳል፤ በመመለሻው ጣቶቹ በእሾህ ተቧጭረው ይደማሉ። ቅጠሉን ሲያስቀምጥላቸው ጉንዳኖቹ ከመስታወት ሣጥናቸው ወደ ቅጠሉ በተዘረጋው ገመድ ላይ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ እያንዳንዷ ከራሷ የሚበልጥ አረንጓዴ ቁራጭ ከራሷ በላይ አንስታ፣ ጃንጥላ እንደያዘ ቀብረኛ ትመለሳለች። ያን ሰልፍ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል? እኔ ግን በበረዶው መሐል ጎብጦ ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር እሱ የማይዘፍነውን እኔ ስለ እሱ አንጎራጉር ነበር፦

ቅጠል በጠፋበት በዚህ ክፉ ወራት፣
ምን ይዤልሽ ልግባ፣ ምን ይሁንሽ እራት?

ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ሲረል ነው። የሲረል አጥር በመንገዳችን ስሙ የተጠራ ነው፤ በገመድ የተለካ ይመስላል፣ አንዲት ቅጠል ከሌላዋ አታፈነግጥም።

«አንተ ሽማግሌ!» ይጮህበታል ከበሩ። «አንሸራቶህ አንገትህን ብትሰበር ጉንዳኖችህን ጠብሼ ነው የምበላቸው!»

«በየትኛው ጥርስህ?» ይላል ኤሊስ ሳይዞር።

እኛ ሰፈር በጓሮ ግንብ ላይ የተሻገረ ነገር አይመለስም። ኬክም ይሁን ሾርባ፣ ተቀብለህ ታመሰግናለህ፤ ሳህኑንም ባዶውን አትመልስም። ኔስታ ስትሞት ኤሊስን ያበላው ያ ግንብ ነው። እንቢ ማለት ፊት ላይ በር እንደ መዝጋት ነው።

ጥር ላይ ያልታየ በረዶ ወረደ። ሐዲዱ ዳር ያለው እንጆሪ ተቀበረ፣ ቁልቁለቱ ጠፋ። ጉንዳኖቹ ባዶ ገመድ ላይ እየወጡ ይመለሱ ጀመር፤ እንጉዳዩም ኮሰመነ። በዚያው ሰሞን ሲረል አንድ ከረጢት ሙሉ የአጥሩን ቅጠል በግንቡ ላይ አሻገረ። በሕይወቱ ያን አጥር ከልኩ አሳንሶ ሲቆርጥ ያየው አልነበረም።

«ለሴቶቹ ነው» አለ፤ ጉንዳኖቹን እንዲህ ነበር የሚጠራቸው። «ቅጠሏን እያት እስቲ፣ አንዲት ነጥብ የለባትም። ሙሽራ ነው ያስመሰልኳት!»

ኤሊስ ከረጢቱን ከፈተ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል። ትል አልበሳውም፣ ሻጋታ አልነካውም። የኔስታ ቃል በጆሮው አቃጨለ፤ ከፊቱ ግን ለእሱ ሲል የሚወደውን አጥር የሸለተ ሰው ቆሟል፣ ከፎቅ ላይ ደግሞ የራበው ማሳ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲረል።»

ቅጠሉን ገንዳ ውስጥ ደጋግሞ አጠበው፣ ከዚያም ሰጣቸው። እንደዚያን ቀን ሠርተው አያውቁም። ገመዱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ወንዝ ሆነ። ኤሊስ እኔ ዘንድ መጥቶ «ወሰዱት!» አለኝ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀናት አለፉና እንጉዳዩ ጠቆረ። ጉንዳኖቹ የገዛ ማሳቸውን እየቆራረሱ ወደ ቆሻሻው ክምር መጣል ጀመሩ። ኤሊስ የሲረልን ቅጠል ለቅሞ አወጣ። ከፈረሰው ፋብሪካ አጥር ያንኑ ዓይነት ቅጠል፣ ትል የበላውን፣ ጥቀርሻ የለበሰውን አምጥቶ ተካላቸው፤ ቀርበው በአንቴናቸው ዳሰሱትና ተመለሱ። ጉንዳን መርዙን ለይቶ አያውቅም፤ ማሳውን ያሳመመውን ቅጠል ግን አይረሳም። ንጹሑም በተመረዘው ወንድሙ ተኮነነ።

የቀረው በረዶ መዛቅ ነበር። የድሮ የሥራ አካፋውን ይዞ ወረደ። ከአካፋው ሥር የሚወጣው እንጆሪ ለአንድ እፍኝ ቢበቃ ነው፤ እሱን ወሰዱለት። ቢሆንም ማሳው ከቡጢ አነሰ፣ ቀጥሎም ከሎሚ። የካቲት ሲያልቅ ሠራተኞቹ ተመናምነው ጥቂት ብቻ ንግሥቲቱን ከበው ይልሷት ነበር። አንድ ቀን ጧት፣ እነሱ መላሱን ሳያቆሙ፣ እግሯ ወደ ሆዷ ታጥፎ ሞታ አገኛት።

በማግስቱ ያቺ መስኮት ውርጭ አበበባት።

ሲረል ከግንቡ ማዶ ጠየቀ፦ «ሴቶቹ እንዴት ናቸው? ወደዱት?»

«ወደዱት» አለ ኤሊስ።

እውነት ነው፣ ወደውታል። በሳምንቱ ሌላ ከረጢት ተሻገረ፤ ኤሊስም አመስግኖ ተቀበለ፣ ከረጢቱንም ባዶውን አልመለሰም፤ ድንች ጨመረበት። በጓሮው መንገድ ሳልፍ ከማገዶ ቤቱ ጀርባ የሚያብረቀርቀው ቅጠል ተከምሮ ሲጠወልግ አየሁ። መንገዴን ቀጠልኩ።

ሲረል ግን ዓይን አለው። አንድ ቀን የመድኃኒት ጣሳ ይዞ በሬን አንኳኳ። ቀና ብሎ ያቺን መስኮት አየና ጣሳውን ሰጠኝ።

«መነጽሬን ረስቼ ነው። ምን እንደሚል አንብቢልኝ።»

«በቅጠል ላይ የሚወጣን ሻጋታና የእንጉዳይ ዘርን ሁሉ ከሥሩ ያጠፋል» ብዬ አነበብኩለት።

«እንጉዳይ» አለ። ጣሳውን ተቀብሎኝ ሄደ።

ሚያዝያ ደረሰ። እሾሁ አቆጠቆጠ፣ ሐዲዱ ዳር በለጋ ቅጠል ተሸፈነ። የሲረል አጥር ግን በዚያ ዓመት መቀስም ጣሳም አልነካውም። ቅርንጫፉ እንዳሻው አፈነገጠ፣ ነጭ ሻጋታ እንደ ዱቄት ነሰነሰበት፣ ትሉም በላው። መንገደኛ ሁሉ «ሲረል ታመመ እንዴ?» ይል ጀመር።

አንድ እሑድ ከረጢት ይዞ ግንቡ ጋ ቆመ። ኤሊስ ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ፤ የተበሳ፣ የሻገተ፣ አቧራ የጠጣ ቅጠል። አንዲቱን አውጥቶ በጣቱ ዳሰሳት።

«ጥሩ ቅጠል ነው» አለ በመጨረሻ።

«ለሴቶቹ ይሆናል?»

«ይሆናቸዋል።»

ይህኛውን ማገዶ ቤቱ ጀርባ አልጣለውም። ወደ ፎቅ አውጥቶ በባዶው የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በገመዱ ጫፍ ላይ ደረደረው። አሁንም እዚያው አለ። ከትሉ ጥርስ በቀር የነካው ሳይኖር፣ እንዳለ ደርቋል።